በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ቁልፍ ቃል ማስገባት ለአማርኛ ድረ ገጽ ምን ያህል ይጠቅማል?

ሲሚንቶና_ብረት | ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። የግንባታ ዕቃ ሻጭ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ሱቄን የሚያስተዋውቅ ድረ ገጽ በዎርድፕረስ (በድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) አሠርቼ፣ ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ብረት፣ ስለ ብሎኬትና ቤት ለመሥራት ስለሚያስፈልጉ ፈቃዶች እስካሁን 140 ያህል ጽሑፎች በአማርኛ አውጥቼበታለሁ። ከአንባቢዎቼ ግማሽ ያህሉ አዲስ አበባ ያሉ ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በዱባይና በአሜሪካ እየኖሩ በአገራቸው ቤት የሚያሠሩ ናቸው።

ድረ ገጹን የሠራልኝ ልጅ የጽሑፎቹን አድራሻ እንዳለ ስለተወው፣ ከዶሜይኑ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የጥያቄ ምልክት፣ አንድ የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት የፍለጋ ባለሙያ ነኝ ያለ አንድ ሰው ደውሎልኝ፣ በጎግል ላይ ወደ ኋላ የምቀረው አድራሻዎቼ ቁልፍ ቃል (ሰው ጎግል ላይ ሲፈልግ የሚጽፈው ቃል) ስለሌላቸው መሆኑን ነገረኝ። መፍትሔው ሁሉንም አድራሻዎች በቁልፍ ቃል መሙላትና የሱቄን ስም የያዘውን ዶሜይን ትቼ «ርካሽ ሲሚንቶ ብረት ብሎኬት ዋጋ አዲስ አበባ» የሚሉትን ቃላት በላቲን ፊደል አያይዞ የያዘ አዲስ ዶሜይን መግዛት እንደሆነ ገለጸልኝ፤ ለሥራው የጠየቀኝ ገንዘብም ቀላል አይደለም። ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት የምታውቁትን ብታካፍሉኝ እወዳለሁ። አድራሻው በአማርኛ ፊደል ይሁን ወይስ በላቲን የሚለውም አልተገለጠልኝም።

ባለሰርቨሩ | ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ገንዘብዎን በኪስዎ ያቆዩት። በአድራሻ ውስጥ ያለ ቃል ለጎግል ደረጃ አሰጣጥ ምንም አይጠቅምም ማለት ስሕተት ነው፤ ሆኖም ጥቅሙ እጅግ ትንሽ ነው። የጎግሉ ጆን ሙለር በተደጋጋሚ እንዳስረዳው፣ በአድራሻው ውስጥ ያሉት ቃላት በጣም ቀላል ክብደት ያላቸው ሲሆኑ፣ የሚያገለግሉትም በአብዛኛው ጎግል ገጹን ከፍቶ ይዘቱን ከማንበቡ በፊት ባለው አጭር ጊዜ ነው። ይዘቱን አንዴ ካነበበ በኋላ ስለ ምን እንደሚናገር ከርዕሱና ከጽሑፉ ራሱ ያውቃል፤ አድራሻውን መጠየቅ አያስፈልገውም። ለምሳሌ የቢቢሲ አማርኛን ዜናዎች ይክፈቱና አድራሻቸውን ይመልከቱ፤ መጨረሻው ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው። ዜናዎቹ ግን በአማርኛ ሲፈለግ ፊት ለፊት ከሚመጡት መካከል ናቸው።

በአዲሱ ዶሜይን ላይ ደግሞ የበለጠ እንዲጠነቀቁ እመክራለሁ። የፍለጋ ቃሉን እንዳለ የዶሜይን ስም ማድረግ በአንድ ወቅት በእርግጥ ይሠራ ነበር፤ ስለሠራም ፍሬ የሌላቸው ድረ ገጾች በዚሁ መንገድ የፍለጋውን ገጽ ሞልተውት ነበር። ጎግል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 መጨረሻ ላይ ይህንኑ ለማስቆም ማሻሻያ አደረገ። በወቅቱ የጎግልን የአይፈለጌ ድረ ገጾች መከላከያ ቡድን ይመራ የነበረው ማት ከትስ እንደገለጸው፣ ማሻሻያው በአሜሪካ ከሚደረጉ የእንግሊዝኛ ፍለጋዎች 0.6 በመቶ ያህሉን የነካ ነበር። የደወለልዎት ሰው የሚሸጥልዎት እንግዲህ ከ13 ዓመት በፊት ዋጋው የወደቀ ዕቃ ነው። በዚያ ላይ አዲስ ዶሜይን ማለት ሦስት ዓመት ያጠራቀሙትን መተማመኛ ወደ አዲስ ቤት ማጓጓዝ ማለት ነው፤ በጭነት መኪናዎ ላይ የተጻፈው፣ በደረሰኝዎ ላይ የታተመውና ደንበኞች በስልካቸው ያስቀመጡት አድራሻ ሁሉ አብሮ ያረጃል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህንን።

እናት_ፊደል | ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ባለሰርቨሩ ያሉትን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ክብደቱ ትንሽ ነውና ቁጥር ብቻ ይሁን ወደሚል መደምደሚያ እንዳንሄድ እሰጋለሁ። አድራሻን የሚያነበው ጎግል ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሊንክ ሲያገኝ ከመጫኑ በፊት ወዴት እንደሚወስደው ማወቅ ይፈልጋል፤ ከጥያቄ ምልክትና ከቁጥር ምንም አያውቅም።

በፊደሉ ጉዳይ እኔ የአማርኛው ወገን ነኝ። የጎግል የራሱ መመሪያ በአድራሻ ውስጥ የሚገቡት ቃላት በአንባቢው ቋንቋ እንዲሆኑ ይመክራል፤ ከላቲን ውጪ ያሉ ፊደላትም በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒዩተር የየቋንቋውን ፊደል በሚመዘግብበት ሥርዓት) እስከተጻፉ ድረስ ያለ ችግር እንደሚነበቡ ይገልጻል። የአማርኛ ዊኪፔዲያን የከፈተ ሁሉ እንደሚያውቀው የእያንዳንዱ ገጽ አድራሻ መጨረሻ የገጹ ርዕስ ራሱ ነው፤ በግእዝ ፊደል የተጻፈ። ይህ ዘዴ ለዓመታት ሠርቷል፤ ለምን የእኛ ድረ ገጾች በፊደላችን ያፍራሉ?

አንድ ነገር ግን ላሳስብ። «ዕቃ» እና «እቃ»፣ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በጆሮ አንድ ቢሆኑም በዩኒኮድ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው ለኮምፒዩተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሁለቱንም አጻጻፎች እየጻፍኩ ስፈልግ የማገኘው ውጤት ሁልጊዜ አንድ ሆኖ አላየሁትም። አድራሻ የሚይዘው ደግሞ አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን የአጻጻፍ ስልት መርጦ በመላው ድረ ገጽ ላይ በእሱ መጽናት፣ ሌላውን አጻጻፍ ደግሞ በጽሑፉ ሆድ ውስጥ አንድ ቦታ ማስገባት ያስፈልጋል።

ጥቁር_ሰሌዳ | ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

እናት_ፊደል የተናገሩት በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው፤ በተግባር ግን ዎርድፕረስ በአማርኛ አድራሻ ላይ የሚያደርገውን ያላየ ሰው ይደነግጣል። በቅርበት ላሳይ።

አድራሻ በኔትወርክ ላይ ሲጓዝ የግእዝ ፊደል እንዳለ አይሄድም። እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ በአድራሻ ውስጥ በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ተጨማሪ ምልክቶች ይጻፋል። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ፊደል 9 ቦታ ይወስዳል። «ሲሚንቶ» አራት ፊደል ነው፤ ሲጓዝ ግን 36 ነው። ክሮም በአድራሻ መጻፊያው ላይ «ሲሚንቶ» ብሎ አስተካክሎ ያሳያችኋል፤ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ግን ያ ሁሉ የፐርሰንት ሰልፍ ይወጣል።

ዎርድፕረስ ለአንድ ጽሑፍ አድራሻ የመደበው ቦታ ደግሞ 200 ነው፤ ርዕሱን ወደ አድራሻ ሲለውጥም ከ200 በላይ የሆነውን ቆርጦ ይጥላል። ለእንግሊዝኛ 200 ፊደል ከበቂ በላይ ነው። ለአማርኛ ግን 200ን ለ9 ስናካፍል የሚደርሰን 22 ፊደል ብቻ ነው፤ በቃላት መካከል የሚገባው ሰረዝም ከዚሁ ይቀነሳል። አሁን ሲሚንቶና_ብረት ሊጽፉት የሚችሉትን ርዕስ እንውሰድ፦ «በአዲስ አበባ ለቤት ግንባታ የሚያስፈልጉ ፈቃዶችና ቅድመ ሁኔታዎች»። እስከ «የሚያስፈልጉ» ድረስ 21 ፊደል አለ፤ በ9 ሲባዛ 189፣ ከአራቱ ሰረዞች ጋር 193። ቀጣዩ ሰረዝ 194 ያደርሰዋል፤ ከዚያ «ፈ» ልትገባ ስትል 203 ይሆንና በሩ ይዘጋል። የሚቀረው አድራሻ «በአዲስ-አበባ-ለቤት-ግንባታ-የሚያስፈልጉ» የሚል ነው። ሰው የሚፈልገው ዋናው ቃል፣ ማለትም «ፈቃድ»፣ ውጪ ቀርቷል! ቁልፍ ቃል እናስገባ ብለን ቁልፉን ራሱን ጥለን ገባን ማለት ነው።

ችግሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። ዎርድፕረስ የእንግሊዝኛ ሥርዓተ ነጥቦችን ከአድራሻ ጠርጎ ያወጣል፤ አራት ነጥብን፣ ነጠላ ሰረዝንና ድርብ ሰረዝን ግን እንደ ተራ ፊደል ስለሚቆጥራቸው እያንዳንዳቸው 9 ቦታ ይዘው ይቀመጣሉ። በርዕስ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ የማድረግ ልማድ ያለን ሰዎች አድራሻችንን እንፈትሽ።

ስለዚህ አድራሻው በአማርኛ ከሆነ በራሱ ከርዕሱ እንዲፈጠር አትተዉት፤ በእጃችሁ አሳጥራችሁ ጻፉት። ለላይኛው ርዕስ «የቤት-ግንባታ-ፈቃድ» ይበቃል። ዐሥር ፊደልና ሁለት ሰረዝ፣ በድምሩ 92።

ከሪያድ | ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

እኔ ሲሚንቶና_ብረት ከጠቀሷቸው አንባቢዎች አንዱ ነኝ ማለት እችላለሁ፤ ሪያድ ሆኜ አገሬ ላይ ቤት እያሠራሁ ነው። ከሙያው ሩቅ ብሆንም እንዴት እንደምፈልግ ልንገራችሁ። በሥራ ቦታ ስልኬ ላይ የአማርኛ መጻፊያ ስለማልከፍት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ቃል እፈልጋለሁ፤ ማታ ቤት ስገባ ደግሞ በአማርኛ። አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፍኩ የምፈልግበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ስፈልግም አይሳካልኝም፤ ምክንያቱም «ቆርቆሮ» የሚለውን እኔ በ«ኪው» ስጽፈው ወንድሜ በ«ኬ» ይጽፈዋል፣ የሻጩ ድረ ገጽ ደግሞ በሦስተኛ መንገድ ጽፎት ይገኛል።

ሁለተኛው ነገር ዓመተ ምሕረቱ ነው። ባለፈው ዓመት «የብረት ዋጋ 2017» የሚል ሊንክ ቴሌግራም ላይ ተልኮልኝ ስምንት ዓመት ያለፈበት ዋጋ ነው ብዬ ሳልከፍተው ቀረሁ። ለካ በእኛ አቆጣጠር የዚያው ዓመት ዋጋ ኖሯል።

ባለሰርቨሩ | ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከሪያድ የጻፉልን ወንድም የተናገሩት ከብዙ መመሪያ ይበልጣል። ዓመተ ምሕረትን አድራሻ ውስጥ ማስገባት በማንኛውም ቋንቋ አይመከርም፤ ገጹ በየዓመቱ ያረጃልና። በእኛ አገር ግን ገና በተወለደበት ቀን በሌላው አቆጣጠር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አርጅቶ ይወለዳል። የዋጋ ገጽ «የብረት-ዋጋ» በሚል አንድ ቋሚ አድራሻ ላይ ይቀመጥ፤ ዋጋው በተለወጠ ቁጥር እዚያው ገጽ ላይ ይታደስ፤ ቀኑ በርዕሱና በጽሑፉ ውስጥ «ኅዳር 2018 ዓ.ም.» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። በየወሩ አዲስ የዋጋ ገጽ የሚያወጡ ነጋዴዎች አሉ፤ ከዓመት በኋላ ዐሥራ ሁለት ገጾቻቸው እርስ በርሳቸው ሲሻሙ ይገኛሉ፤ ጎግልም ከዐሥራ ሁለቱ ያረጀውን ይዞ ሊቀርብ ይችላል።

አማርኛን በላቲን ፊደል ስለመጻፍ፦ ሁላችን የምንስማማበት የአጻጻፍ ሥርዓት ስለሌለን፣ በላቲን የተጻፈ የአማርኛ ቃል ፈላጊው ከጻፈው ጋር የሚገጥመው በዕድል ነው። ስለዚህ ለፍለጋ ተብሎ የሚደረግበት ምክንያት አይታየኝም። በእንግሊዝኛ የሚፈልጉ ደንበኞች ካሉ መልሱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ገጽ ማዘጋጀት ነው እንጂ የአማርኛውን ገጽ አድራሻ በእንግሊዝኛ ቃል ማስጌጥ አይደለም። ሰው በእንግሊዝኛ ፈልጎ፣ በእንግሊዝኛ አድራሻ ተስቦ፣ ከፍቶት አማርኛ ቢያገኝ እንኳ ማንበብ ይችል ይሆናል፤ ጎግል ግን መጀመሪያውኑ ለእንግሊዝኛ ፍለጋ የአማርኛ ገጽ የሚያቀርበው ሌላ ሲያጣ ነው።

አንድ የዘነጋሁትን ልጨምር። ጎግል እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ በስልክ ላይ በሚታየው የፍለጋ ውጤት የዶሜይኑን ስም ብቻ ያሳያል፤ ከዶሜይኑ ቀጥሎ ያለው መንገድ የሚታየው በኮምፒዩተር ለሚፈልግ ሰው ነው። የአገራችን አንባቢ አብዛኛው በስልክ ስለሚፈልግ፣ ያን ሁሉ የተለፋበትን ቁልፍ ቃል በፍለጋው ገጽ ላይ አያየውም። የሚያየው ርዕሱንና ከሥሩ ያለውን አጭር መግለጫ ነው፤ ድካማችሁን እዚያ ላይ አድርጉ።

እናት_ፊደል | ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ስለ ዎርድፕረስ የ200 ገደብ አላውቅም ነበር፤ ጥቁር_ሰሌዳን አመሰግናለሁ። የራሴን ድረ ገጽ ከፍቼ ብቆጥር ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አድራሻዎቼ ጅራታቸው የተቆረጠ ሆኖ አገኘኋቸው።

ሲያሳጥሩ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ የቋንቋ ነገር አለ። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ትንንሾቹን አያያዥ ቃላት ከአድራሻ አውጡ ይላሉ። በአማርኛ እነዚያ ቃላት ለብቻቸው አይቆሙም፤ «ለ»፣ «በ»፣ «የ»፣ «ከ» ከስሙ ጋር ተጣብቀው አንድ ቃል ሆነው ይመጣሉ፤ «ና» ደግሞ ከኋላ ይለጠፋል። «ፈቃዶችና» ብሎ በአድራሻ የጻፈ ሰው «ፈቃድ» የሚለውን ቃል አልጻፈም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቃል ከመቀነስ ይልቅ ቃሉን ወደ ባዶ ስሙ መመለስ ይሻላል፤ «ለብሎኬት አመራረት የሚሆን አሸዋ» የሚለው «የብሎኬት-አሸዋ» ይሁን። የባለቤትነቷን «የ» ግን እተዋታለሁ፤ «ብሎኬት አሸዋ» ብሎ የሚፈልግም ሆነ የሚናገር የለምና።

ሊንኩን ስለማጋራት ደግሞ አንድ ገጠመኝ አለኝ። በመልእክት ውስጥ ሊንኩን ጽፌ አራት ነጥቡን ሳላርቅ አያይዤ ስጨርስ፣ አንዳንዱ መተግበሪያ አራት ነጥቡን የአድራሻው አካል አድርጎ ይወስደውና የተጫነው ሰው ገጹ የለም የሚል መልስ ያገኛል። ከሊንክ በኋላ ክፍት ቦታ መተው ልማድ ይሁን።

የቸኮለው | ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ስሜን ያወጣሁት ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት በዎርድፕረስ ያልተሠራ፣ አንድ ፕሮግራመር ከባዶ የጻፈልኝ የመለዋወጫ መሸጫ ድረ ገጽ ነበረኝ። ልክ እንደ እርስዎ አድራሻ ላይ ቁልፍ ቃል ይግባ የሚል ምክር ሰምቼ፣ በአንድ ሌሊት የ600 ዕቃዎችን አድራሻ አስለወጥኩ። አዲሶቹ አድራሻዎች በጣም ያማሩ ነበሩ። ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚመራ ሪዳይሬክት እንደሚያስፈልግ ግን እኔም አላወቅሁም፤ ፕሮግራመሩም አልነገረኝም። በማግስቱ በጎግል የሚመጣው ሁሉ 404፣ ማለትም ገጹ የለም የሚል መልስ፣ ይገጥመው ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት የጎብኚው ቁጥር ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ።

ከዚያ ደግሞ ሁለተኛውን ስሕተት ሠራን። በድንጋጤ 600ውን አሮጌ አድራሻ በሙሉ ወደ መነሻ ገጹ መራነው፤ ችግሩ የተፈታ መስሎን ነበር። ጎግል ግን የፍሬን ሸራ የሚለው አድራሻ ወደ መነሻ ገጽ ሲወስደው ገጹ እንደጠፋ ቆጥሮ ነው የሚያልፈው። በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብለው እያንዳንዱን አሮጌ አድራሻ ከትክክለኛው አዲስ አድራሻ ጋር በሠንጠረዥ አገናኙ፤ በ301፣ ማለትም ገጹ ለዘለቄታው ተዛውሯል በሚለው ሪዳይሬክት፣ መራነው። ጎብኚው ወደ ነበረበት ለመመለስ አምስት ወር ወሰደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው፤ እኔ ለቅሜም ሁሉንም አላገኘሁትም።

ለዚህ ነው እያንዳንዱ አድራሻ እስካልተበላሸ ድረስ አትንኩት የምለው። ቁጥሩ ይቆይ።

ጥቁር_ሰሌዳ | ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

የቸኮለው ያሳለፉት ያሳዝናል፤ ምክራቸውም ለብዙዎች ትክክል ነው። የሲሚንቶና_ብረት ሁኔታ ግን ከእሳቸው በአንድ ነገር ይለያል፤ ስለዚህ በቁጥሩ ይቆዩ በሚለው አልስማማም። ዎርድፕረስ በቁጥር የሚጠራውን አድራሻ ፈጽሞ አይረሳውም። የፐርማሊንክ (የጽሑፎች ቋሚ አድራሻ) ቅንብሩን ወደ ጽሑፉ ስም ሲለውጡት አሮጌው ባለቁጥር አድራሻ ወደ አዲሱ በ301 በራሱ ይመራል፤ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት አያስፈልግም። ከሁሉም የአድራሻ ለውጦች አደጋው አነስተኛ የሆነው ይህ ነው።

ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ዎርድፕረስ ቁጥሩን ቢያሳይም በውስጡ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ከርዕሱ የተሠራ ስም አስቀምጧል፤ ያ ስም ደግሞ ከላይ እንዳሳየሁት በ200 ላይ የተቆረጠ ነው። ቅንብሩን ዛሬ ቢለውጡ ብዙ ጅራት የሌላቸው አድራሻዎች አደባባይ ይወጣሉ፤ ከዚያ እነሱን ማስተካከል ሁለተኛ ለውጥ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ በጽሑፎቹ ዝርዝር ላይ ባለው ፈጣን ማስተካከያ ገብተው ስሞቹን አንድ በአንድ ያሳጥሩ፤ ገና ማንም ስላላያቸው የሚበላሽ ሊንክ የለም። ቅንብሩን የሚለውጡት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ወደፊት አንድ አድራሻ መለወጥ ግድ ቢሆን ደግሞ፣ ዎርድፕረስ የጽሑፎችን አሮጌ ስም ያስታውስና ራሱ ይመራል። እንደ «ስለ እኛ» ያሉትን ቋሚ ገጾች አሮጌ ስም ግን አያስታውስም፤ ለእነሱ ሪዳይሬክቱን በእጅ መሥራት ያስፈልጋል። ሪዳይሬክት ከተደረገ በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲቆይ ጎግል ይመክራል፤ እኔ ፈጽሞ ባይነሣ እመርጣለሁ።

ባለቁጥሩ አድራሻ የማይሞት መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት ሲልኩ የፐርሰንቱን ሰልፍ ከመላክ ያንን አጭር አድራሻ ይላኩ፤ ሲጫኑት ወደ አማርኛው አድራሻ ይወስዳል። ከላይ የተነሣው የአራት ነጥብ ጣጣ ግን በዚህም አይቀርም።

ሲሚንቶና_ብረት | ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የደወለልኝን ሰው በትሕትና አሰናብቼዋለሁ፤ ስለ 2012ቱ ማሻሻያ ስጠይቀው ወሬውን ቀየረ። ዶሜይኔን አልለውጥም። የአማርኛውን ፊደል ለመምረጥም ወስኛለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ በአድራሻው ውስጥ «ግንባታ-ዕቃ» የሚል የምድብ ስም ከጽሑፉ ስም በፊት ማስገባት ይጠቅማል ወይ? የልጄ ጓደኛ ቁልፍ ቃሉ ሁለት ጊዜ ስለሚገባ ይጠቅማል ይላል።

ባለሰርቨሩ | ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

አይጠቅምም። አንድን ቃል በአድራሻ ውስጥ መደጋገም ደረጃ አይጨምርም፤ አድራሻውን ያስረዝመዋል እንጂ። ምድብ ደግሞ ከጊዜ በኋላ የሚለወጥ ነገር ነው፤ ዛሬ «ግንባታ ዕቃ» ያሉት ነገ ንግድዎ ሲሰፋ በሦስት ይከፈላል፤ ያን ጊዜ በአንድ የምድብ ስም ምክንያት የ140 ጽሑፎች አድራሻ ይናወጣል። ከዶሜይኑ ቀጥሎ የጽሑፉ ስም ብቻ ይሁን። ቃላቱን የሚለያየው አጭር ሰረዝ ይሁን እንጂ የታች መስመር አይሁን፤ ጎግል የሚመክረው ይህንኑ ነው።

ሲሚንቶና_ብረት | ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። ከልጄ ጋር ሆነን በሦስት ማታ 140ውን ስሞች አሳጠርናቸው። ርዕሶቼን ስቆጥር 97ቱ የተቆረጡ ነበሩ፤ ከእነዚህ መካከል አንደኛው «ከመግዛትዎ በፊት ስለ ሲሚንቶ ጥራት ማወቅ ያለብዎት» የሚል ነበርና አድራሻው «ከመግዛትዎ-በፊት-ስለ-ሲሚንቶ-ጥራት-ማወቅ» ላይ ቆሞ አገኘሁት። አሁን «የሲሚንቶ-ጥራት» ሆኗል። ሁለት አሮጌ የዋጋ ገጾችን አጥፍቼ ወደ አንዱ መራኋቸው። ቅንብሩን የለወጥኩት ቅዳሜ ሌሊት ሲሆን፣ በስልኬ ላይ የነበሩ ዐሥር ባለቁጥር ሊንኮችን እየከፈትኩ ሞከርኩ፤ ሁሉም ወደ አዲሱ አድራሻ ወሰዱኝ። በሰርች ኮንሶል (ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው መከታተያ) ላይ የጎብኚው ቁጥር እስካሁን አልወረደም፤ አልጨመረምም። እንደ ነገራችሁኝ ከአድራሻው ብዙ አልጠብቅም፤ አሁን የያዝኩት ርዕሶቹን ማስተካከል ነው።

ከሪያድ | ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

እንኳን ደስ ያለዎት። ከብረት ዋጋው ገጽ አድራሻ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ቀርቶ ስላየሁት ደስ ብሎኛል፤ ዛሬ ከፍቼ አንብቤዋለሁ። ብቻ ከታች ያለው የሌላ ገጽ ሊንክ «የግንባታ-እቃ-ማጓጓዣ» ይላል፤ ሌሎቹ በሙሉ «ዕቃ» ናቸው። እናት_ፊደል ያሉትን አስታውሼ ነው።

ሲሚንቶና_ብረት | ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ያቺን የጻፋት ልጄ ነው፤ አሁን ነው ያየኋት። ሊንኩን ግን ትናንት ለሁለት የሾፌሮች ቡድን ልኬዋለሁ፤ ስለዚህ እንዳለች ትቆይ። በጽሑፉ ውስጥ «ዕቃ» ብዬ አስተካክያለሁ።